ከግንቡ ውጭ ያለችው ቦኖ

ሰው ሆቴል ይገመግማል፤ ክትፎ ቤት ይገመግማል። እኔ ዛሬ የምገመግመው ቦኖ ነው። ጎንደር የምትኖሩ እንደማትስቁብኝ አውቃለሁ።

ሥራዬ እንጀራ ጋግሮ ማቅረብ ነው። አምስት ሻይ ቤቶችና አንድ ምግብ ቤት ደንበኞቼ ናቸው። ስለ እንጀራ ሥራ ሲወራ ሁሉም መጀመሪያ የጤፍ ዋጋ ያነሳል፤ ቀጥሎ መብራት ይላል። ውሃን የሚያነሳ የለም። ጤፉ የሚቦካው በምን ሆነና! ለማቡካት ውሃ፣ አብሲት ለመጣል ውሃ፣ ሊጡን ለማቅጠን ውሃ፣ ቡሃቃውን ለማጠብ ውሃ። እኔ ቤት በቀን 5 ጀሪካን ካልገባ ሥራ የለም። ቢጫውን፣ ባለ 20 ሊትሩን ነው የምላችሁ።

የቤቴ ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፉጨት ያሰማና አየር ይተፋል፤ እኔ ባልዲ ይዤ እስክወጣ ደክሞት ተኝቷል። ጎንደር ለብዙ ዓመት የጠጣችው ከአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡን ደለል እየሞላው፣ ከተማዋ ደግሞ ወደ ማራኪም ወደ አዘዞም እየሰፋች ሄደች። ውሃ ያመጣል ተብሎ ለዓመታት የተጠበቀው የመገጭ ግድብ ነው። "መገጭ ሲያልቅ" የሚለው ነገር በእኛ ሰፈር ቀልድ ሆኗል፤ ብድር መመለስ ያልፈለገ ሰው "የመገጭ ግድብ ሲያልቅ እከፍልሻለሁ" ይላል። እስከዚያው ከጋሪ እንገዛለን። የጋሪ ውሃ ዋጋው የሚወሰነው በሰማዩና በባለጋሪው ፊት ነው። ዝናብ ከዘነበ ይረክሳል፣ በጋ ከጠና እጥፍ ይሆናል፣ እንግዳ መምጣቱን ካየብሽማ አለቀልሽ።

ከሰፈራችን ከፍ ብሎ አንድ ደብር አለ። ጎንደር አርባ አራቱ ታቦት የሚባልላት ከተማ ስለሆነች "አንድ ደብር" ስል የትኛው እንደሆነ አታውቁም፤ እሱም ጥሩ ነው። ሰበካ ጉባኤው ስም እንዳላነሳ ለምኖኛል። አንደኛው አባል "ስማችንን ከጻፍሽ ወረፋው ፒያሳ ይደርሳል" አሉኝ። ጉድለታቸውንም ስለምጽፍ ለእኔም ይስማማኛል።

ደብሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት በምእመናን መዋጮ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሐሳቡ ለራሱ ነበር። ለክርስትና፣ ለሰንበቴ ዕቃ ማጠቢያ፣ ለአብነት ተማሪዎች፣ ለተጀመረው አዳራሽ። ሁለት ሮቶ ተሰቀለ፤ ውሃው ተረፈ። የተረፈው ለግቢው ጽድና ወይራ ይለቀቅ ነበር። እኛ ከግንቡ ማዶ ሆነን ከጋሪ እንገዛለን። ጽዶቹ ከእኔ በላይ ይጠጡ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ኋላ ላይ ለሰፈሩ ይከፈት ተባለ። መጀመሪያ የከፈቱት ግቢው ውስጥ ነው፤ ከደጀ ሰላሙ ገባ ብሎ በስተግራ፣ አንድ ቧንቧ። "ማንም መጥቶ ይቅዳ" ተብሎ ከቅዳሴ በኋላ ታወጀ። እስቲ "ማንም" የሚለውን እንቁጠረው። እኔ በወር አንድ ሳምንት አልገባም። ክልከላው ለመቅደሱ ነው ወይስ ለቅጽሩም ጭምር የሚለውን ለካህናቱ እተወዋለሁ፤ እናቴ ያሳደገችኝ በዚያ ሰሞን ደጀ ሰላሙን እንዳላልፍ አድርጋ ነው። ስለዚህ ከበሩ ውጭ ቆሜ የሚያልፍ ልጅ እለምናለሁ። "ማሙሽ፣ ይቺን ሙላልኝ።" ማሙሽ ግማሹን ሞልቶ፣ ግማሹን ጫማው ላይ አፍስሶ ይመለሳል። ጎረቤቴ ደግሞ ያኔ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሰማንያ ቀኗ እስኪሞላ እሷም እንደኔ ከውጭ ናት፤ ውሃ ደግሞ ከአራስ ቤት በላይ የሚፈልገው የለም። ከታች በኩል ያለው ሻይ ቤት ባለቤቱ ሙስሊም ነው። "ማንም" ሲባል እሱን ይጨምር አይጨምር ማንን ይጠይቅ? አልጠየቀም። ከጋሪ መግዛቱን ቀጠለ።

ይህን ያስተዋሉት የሰበካ ጉባኤው ወንዶች አይደሉም። አንዲት የሰንበቴ እናት ናቸው። ስብሰባ ላይ ተነሥተው "ቧንቧውን ሁለት ክንድ ወደ ውጭ ብትገፉት ምን ይጎድልባችኋል?" አሉ። ክርክር ተነሣ። አንዱ "ቤተ ክርስቲያን ቦኖ ከፋች ሆነች ሊባል ነው" አለ። ሌላው "ነገ ጠበል ይሸጣሉ ይሉናል" አለ፤ ይሄኛው ፍርሃት እውነትም መሠረት አለው። ነገሩን ያበረዱት መሪጌታው ናቸው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቂሳርያ ከተማ ውጭ ለድሆችና ለሕሙማን ማረፊያ እንደሠራ አንሥተው፣ "የእሱን ቅዳሴ እንቀድሳለን፤ የእሱ ሥራ ሲመጣ ግን ጉባኤ እንጠራለን?" አሉ አሉ። እኔ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ እኒያው የሰንበቴ እናት ናቸው፤ ትንሽ ሳያሳምሩት አይቀሩም።

ግንቡን መብሳት ግማሽ ቀን ፈጀ። ለመብሳት መወሰኑ አራት ወር።

አሁን ያለው እንዲህ ነው። ከግንቡ ውጭ፣ መንገዱ ላይ፣ አራት ቧንቧ። ከሥር ሲሚንቶ ፈሷል። ጀሪካን የሚቀመጥበት ድንጋይ እስከ ወገብ ከፍ ተደርጎ ተገንብቷል። ይሄን ነገር ውሃ ያልተሸከመ ሰው አይረዳውም። ሃያ ሊትር ከመሬት ተነሥቶ ጀርባ ላይ እስኪወጣ ነው ወገብ የሚቆርጠው። እዚህ ግን ጀርባሽን አዙረሽ፣ ገመዱን ደረትሽ ላይ አጥልፈሽ፣ ቀና ማለት ብቻ ነው። ያን ድንጋይ የሠራው ግንበኛ ቤት ውሃ የሚቀዳ ሰው አለ፤ በዚህ እወራረዳለሁ። ለዚህ ብቻ ከ5 ኮከብ 5 ሰጥቻለሁ።

ግንቡ ላይ በሰማያዊ ቀለም "ጠበል አይደለም" ተብሎ ተጽፏል። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ሰሞን አንዲት ሴት በሃይላንድ ቀድታ፣ ግንባሯን አሻሽታ፣ ተሳልማ ስትሄድ አይቻለሁ። አባ ቄሱ ጠርተው "ልጄ፣ ይሄ ለቡናሽ ነው፤ ጠበሉ እዚያ ነው" አሏት። ሴትየዋ ግን ጠርሙሱን አልደፋችም።

ዋጋው ለቤት 2 ብር፣ እንደኔ ላለ ነጋዴ 4 ብር ነው፤ ለአንድ ጀሪካን። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። "እንጀራ ጋጋሪና ባለሆቴል እንዴት አንድ ይሆናል?" ብዬ ዲያቆኑ ላይ ጮህኩበት። ኋላ የጋሪውን ሒሳብ ሳሰላው አፈርኩ። የሌለው ሰው ደግሞ አይከፍልም። የሌለው መሆኑን ግን ማንም አያውቅበትም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሳንቲሙን የሚከተው ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። እጅሽን ባዶ ብትከቺም አይታይም። ዲያቆኑ የሚያየው ወደ ቧንቧው ነው። በየወሩ መጨረሻ ከበሩ አጠገብ ወረቀት ይለጠፋል፤ ስንት ገባ፣ ለመብራት ስንት ወጣ፣ ለጥበቃው ስንት ተከፈለ። የገቢው ቁጥር ከተሸጠው ጀሪካን ሁልጊዜ ያንሳል። ልዩነቱ "በምሕረት" ተብሎ ይጻፋል። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ስለ ዲያቆናቱ አንድ ነገር ልበል። ሁለት ናቸው፣ በተራ ይቆማሉ፤ ትንሹ በወረፋ መሐል ዳዊቱን ይደግማል። አንዳንድ ሰው "ዲያቆን ቧንቧ ላይ ምን ይሠራል?" ሲል ሰምቻለሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ሰባቱ የተመረጡት እኮ ማዕድ እንዲያገለግሉ ነው፤ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶች ተረስተዋል የሚል ማጉረምረም ስለተነሣ። እስጢፋኖስም ከእነሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ልጁ ቦታውን አልሳተም። ጠባዩ ግን ቢሻሻል ደስ ይለኛል፤ ጠዋት ጠዋት ይቆጣል።

አሁን ወደ ጉድለቱ።

አንደኛ፣ ሰዓቱ። በአዘቦት ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው፤ መልካም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ይከፈታል፤ ይሁን። በጾም ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሄድ ዲያቆናቱ ይገባሉ፣ ቧንቧው ይዘጋል፣ ልክ እኔ ሊጥ በማቀጥንበት ሰዓት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር እኩለ ቀን ላይ ደረቅ ቧንቧ ማየት ነው። ቧንቧ ለመክፈት ክህነት አያስፈልግም፤ ከሰፈሩ ወጣት አንድ ሰው ቢመደብስ? ይህን ለሰበካ ጉባኤው ነግሬያቸዋለሁ። "እናስብበታለን" ብለዋል። አራት ወር ልጠብቅ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ሮቶው እስኪያልቅ ነው። ጄኔሬተር የላቸውም።

ሦስተኛ፣ ውሃው ራሱ። ንጹሕ ነው፤ ግን የጉድጓድ ውሃ ነው። ጣዕሙ ትንሽ ከበድ ይላል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። ሳሙና በቀላሉ አረፋ አይሰጥም፤ ልብስ ለማጠብ ከዝናብ ውሃ ጋር ስታነጻጽሪው ሳሙና ይፈጃል። ለእንጀራ ግን አልጎዳኝም። እርሾዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያኮረፈ መስሎኝ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ዓይኑ እንደ ወትሮው አማረ። ለመጠጥ እኔ ውሃ አጋር እጨምራለሁ፤ የውሃው ጥፋት ኖሮ አይደለም፤ ጀሪካኔን ስለማውቀው ነው። ለጣዕሙ ከ5 ኮከብ 3።

አራተኛ፣ ጭቃ። ከሲሚንቶው ወዲያ የሚፈሰው ውሃ መውረጃ የለውም። ክረምት ላይ አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ፣ ሙሉ ጀሪካን ይዤ፣ በሰው ፊት ቁጭ አልኩ። ወረፋው ሁሉ "እኔን!" አለ፤ ወረፋዬን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የወረፋውን ነገር ካነሣሁ፤ ጀሪካን ሰውን ተክቶ ይሰለፋል፤ ድንጋይ ግን አይሰለፍም። ድንጋይ ትተው ቅዳሴ የሚገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ሲወጡ ድንጋያቸው ተራ ውስጥ የለም። "ስጸልይ ነው የቆየሁት" ብሎ የተጣላ ሰው አውቃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስላለው ነገር ለብቻው መጻፍ አለብኝ። ቦኖዋ ከተከፈተች በኋላ በመጣው ሁዳዴ፣ በመጻጉዕ እሑድ ነው የተጀመረው። መጻጉዕ የሚባለው 38 ዓመት የተኛው ሕመምተኛ ነው፤ ከመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ፣ ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደው ያጣ። ጌታ ሲጠይቀው የመለሰው "ሰው የለኝም" ብሎ ነው። አባ ቄሱ ይህን ሰብከው ሲወጡ፣ በር ላይ የሚቀመጡ አንድ አባት "እኔም ቧንቧው ደጄ ድረስ መጥቶ የሚቀዳልኝ ሰው የለኝም" አሏቸው። ጉልበታቸው አይታጠፍም። ቤታቸው ከቦኖዋ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋሪ ይዘው ወጡ። ጋሪው የእኔ ነበር፤ እንጀራ የማደርስበት። ስለዚህ አብሬ ሄድኩ፤ ለጋሪዬ ፈርቼ እንጂ ለጽድቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጀሪካን። መጀመሪያ እኒያ አባት ጋ። ቀጥሎ አንድ ዓይነ ስውር ባልና ሚስት ጋ። ሦስተኛው ቤት አንዲት እማማ ናቸው፤ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ጓዳቸው ውስጥ አፉ የተሸረፈ እንስራ አለ። ልጆቹ ሲገለብጡ እማማ ከአልጋቸው ሆነው ድምፁን ያዳምጣሉ። ውሃ እንስራ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ልክ አፉ ጋ ሲደርስ "በቃ፣ በቃ፣ ሞልቷል!" አሉ። ሳያዩት። ከትራሳቸው ሥር ቆሎ አወጡና ለልጆቹ በየእፍኛቸው ሰጡ።

ከዚያ አንዱ ልጅ ስልኩን አወጣ። "እማማ፣ አንዴ ወደዚህ ይዩ።" ለሰንበት ትምህርት ቤቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ነው። እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ልጁ ክፋት የለውም፤ ደስ ብሎት ነው። እኔ ምንም አላልኩም፤ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ፎቶው ወጣ፤ ነጠላው፣ እንስራው፣ ሦስት የሚስቁ ልጆች። "አረጋውያንን ስንጎበኝ" የሚል ጽሑፍ ነበረው። የእማማ ልጅ አዲስ አበባ ናት፤ እዚያ ሆና አየችው። ደወለች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እማማ በራቸውን አልከፈቱም። "ውሃ አለኝ" አሉ ከውስጥ። አልነበራቸውም።

ልጆቹ ደነገጡ። ፎቶውን አጠፉ። አባ ቄሱ ራሳቸው ሄደው በር ላይ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ካህን በር ላይ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ስልክ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ስልኮቹ በጫማ ካርቶን ተሰብስበው ዕቃ ቤት ይቀራሉ። እማማ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፈቱ። ቆሎው ግን ቀርቷል። አሁን ሲሄዱ "አስቀምጡና ሂዱ" ይላሉ። ለዚህ አገልግሎት ስንት ኮከብ እንደሚሰጥ አላውቅም። ውሃው ይደርሳል፤ በሰዓቱ ይደርሳል። የሆነ ነገር ግን ፈስሷል።

ሻይ ቤቱን ረሳሁት። ቧንቧው ወደ ውጭ በወጣ በሁለተኛው ቀን ሰውየው ሁለት ጀሪካን ይዞ መጣ። ትንሹ ዲያቆን "ጋሼ፣ ወረፋዎት ከሴትዮዋ ቀጥሎ ነው" አለው፤ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሮመዳን ላይ ግን ማፍጠሪያ ሲቃረብ የጾሙት ቀድመው እንዲቀዱ ወረፋተኛው በራሱ አሳልፏል፤ ያዘዘ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ጀመረች፣ ሌላው ተከተለ። ባለፈው ዓመት የፓምፑ ሞተር ሲቃጠል ጠቅልሎ ያስነሣው የሰውየው ልጅ ነው፤ ኤሌክትሪሽያን ነው። የእጁን ዋጋ አልተቀበለም፤ የሽቦውን ብቻ። ወሩ መጨረሻ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የሽቦው ዋጋ ተጽፎ አየሁ፤ የእጁ ዋጋ በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ነበር።

ለጥምቀት የምትመጡ እንግዶችም ልንገራችሁ። ጥር 10 ታቦታቱ ወጥተው ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ተሞልቶ ይጠብቃል። ያን ሁሉ ውሃ እያየ ከተማው የሚጠጣው ያጣል፤ የታሸገውም ይወደዳል። ቦኖዋ በዚያ ሌሊት አትዘጋም፤ ከተራ ማታ አላፊ አግዳሚው ጠጥቶ ያልፋል፣ ሣጥኑም ክዳኑ ተከድኖ ይቀመጣል። ሽንት ቤት ግን የለም፤ እንግዳው ሁሉ የእኛን አጥር ይዞራል። አንዱ ደብር ቦኖ ካወጣ ሌላው ሽንት ቤት ቢያወጣ በእኔ በኩል ቅሬታ የለኝም።

በአጠቃላይ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለሁዳዴ ሰዓትና ለጭቃው ነው፤ መውረጃ ሲሠሩ እመልስላቸዋለሁ።

ለመሄድ ያሰበ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይድረስ። ከሦስት ጀሪካን በላይ በአንድ ተራ አይቀዳም። ገመድ ከቤታችሁ ያዙ፤ እዚያ ያለው ተበጣጥሷል። ዝርዝር ብርም ያዙ፤ ዲያቆኑ መልስ የለውም፤ ሣጥኑ ውስጥ የገባ ደግሞ አይወጣም።